የአንቀጽ ዘጠኝ ምክንያት

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪው ቁልፉን ከወርክሾፑ በር ከትቶ ቢያዞረው አልዞር አለው። እጀታውን ገፋ ሲያደርገው በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ሳይቆለፍ አድሯል ማለት ነው። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ግድግዳው ላይ እንደ ወትሮው እግሮች ተሰቅለዋል፤ የእንጨት፣ የፕላስቲክ፣ ጫማ ያጠለቁ፣ ጫማ የሚጠብቁ። ከእነሱ ሥር፣ በሥራ ጠረጴዛውና በጀሶ ገንዳው መሀል፣ የወርክሾፑ ሽማግሌ መሥራች በግንባራቸው ተደፍተዋል። ተማሪው "ጋሼ" አለ። ደግሞ "ጋሼ" አለ። ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቃቸው አባ እግር በሚል ስም ነው። እግሩን መኪና የበላበት፣ ስኳር በሽታ ያስቆረጠው፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ቆሞ ሄዷል። ተማሪው ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሙያ ሊለምድ መጥቶ እዚያው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሰውየው አደገ፤ ስሙ አላደገም።

ኢንስፔክተሯ የመጣችው አንድ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ነው። የኋላ መንጋጋዋ ካመማት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም። ከጠረጴዛው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ጠረጴዛው እንደ ታሰረ ፈረስ ትመላለሳለች። ሳጅኑ ዐይኑ እሷን በመከተል ደከመ።

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ተነሣ። "ጭንቅላታቸውን የመታቸው የዚህ የብረት ማጥበቂያ፣ የሞርሳው ጠርዝ ነው። የተገፈተሩ ይመስለኛል፤ ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት አለ።"

"መቼ?"

"ትናንት ወደ ማታ ገደማ። ግን ወዲያው አልሞቱም። አንድ ሰዓት ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ተንፍሰዋል።"

"ሰው ቢደርስላቸውስ?"

ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ። "ይተርፉ ነበር።"

ኢንስፔክተሯ መንጋጋዋን ለቀቀችው። ጠረጴዛው ላይ አንድ የፕላስቲክ ሳህን አለ። ውስጡ ነጭ ነገር ደርቆ ማማሰያውን ቀጥ አድርጎ ይዞታል። ብታነሣው ሳህኑም አብሮ ተነሣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጀሶ ነው" አለ ተማሪው ከበሩ አካባቢ። መግባት አልሆነለትም። "በጥብጠውት ሳይጠቀሙበት ደርቆ ነው።"

"ለምን በጠበጡት?"

ተማሪው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወደተቀመጠ አንድ ትንሽ ነጭ ቀፎ ጠቆመ። የጡብ ያህል ርዝመት ያለው፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለ። "መጀመሪያ የተቆረጠውን እግር ጫፍ በጀሶ ፋሻ ጠቅልለን ሻጋታ እንወስዳለን። ያ ነው። ከዚያ ውስጡን በፈሳሽ ጀሶ እንሞላዋለን። ጋሼ እሱን ሊሞሉ ነበር። ጀሶ ደግሞ አንዴ ከተበጠበጠ የማንንም ወሬ አይጠብቅም፤ በአሥር ደቂቃ ድንጋይ ነው።"

"ስለዚህ በበጠበጡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወድቀዋል።"

"እንደዚያ ነው የሚመስለው።"

"መቼ እንደበጠበጡት የሚነግረኝ ሰው አምጡልኝ" አለች ወደ ሳጅኑ ዞራ።

የጠረጴዛው መሳቢያ ተከፍቷል። ውስጡ አንድ ማኅደር፣ ማኅደሩ ውስጥ የታተመ ውል፣ ከውሉ ጋር የተያያዘ ፖስታ። ፖስታው ላይ በሽማግሌ እጅ "ለሚጣ እናት" ተብሎ ተጽፏል። ተቀዷል። ባዶ ነው።

ይህን እያየች ሳለ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሳጅኑን ገፍቶ ገባ። የሟቹ ልጅ ነው፤ አንድ ክሊኒክ ውስጥ የጀሶ ክፍል ባለሙያ፣ የተሰበረ እጅና እግር አሳሪ። ሬሳውን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተ።

"እግዜር ያጥናህ" አለችው። "አባትህን መጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?"

"ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። ሥራ... ሥራ በዝቶብኝ።" አፉን በእጁ ያዘ። "ተሰቃይቷል?"

ሐኪሙ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ኢንስፔክተሯ በዐይኗ ከለከለችው። "ገና አልታወቀም" አለች።

*

ፀጉር አስተካካዩ ቤቱ ከወርክሾፑ ትይዩ ነው። የሚናገረው እንደሚቆርጠው ነው፤ አንዴ ከጀመረ ተዉ ካላሉት ራስ በራ ያደርጋል።

"ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ጠፍታ ነበር። እኔ ሞኙ የጄሪካኔን ትርፍራፊ ተማምኜ አንዱን ደንበኛ ሳሙና ቀባሁት፤ ለማጠቢያው አነሰኝ። ሰውየው ራሱ አረፋ እንደለበሰ አርባ ደቂቃ ተቀመጠ። ሊመታኝ ነበር እኮ!"

"መጣችልህ?"

"አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ቧንቧዋ ተንጫጫች። አባ እግርም ባልዲ ይዘው በር ላይ ብቅ አሉ። 'መጣች እንዴ?' አሉኝ። 'መጣች ጋሼ፣ ነፍሴን አተረፈችው' አልኳቸው። ስቀው ገቡ።" እዚህ ላይ መቀሱን አስቀመጠ። "መጨረሻዬ ያ ነው።"

"ሰው አብሯቸው ነበር?"

"ጀርባዬን ሰጥቼ ሳጥብ ነበር። ደግሞም የጓሮ በር አላቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ግን አንዲት ሴት እሪ ስትል ሰምቻለሁ። 'እኛ ለማኝ አይደለንም!' ትል ነበር። የሚጣ እናት ናት። ሚጣን አያውቋትም? እንደዚህ ያለች" እጁን ወገቡ ጋ አደረገ፣ "አንድ እግር ያላት፣ አፏ ግን የሁለት ሰው የሆነ።"

ኢንስፔክተሯ መንገዱን ስትሻገር ሳጅኑ ከኋላዋ ጠየቀ። "ፋሻ ለመንከር የጄሪካን ትርፍራፊ ይበቃል፤ ጀሶ ግን ውሃ ሳትመጣ አይበጠበጥም። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወድቀዋል ማለት ነው?"

"አሥራ አንድ ከሩብና አሥራ አንድ ተኩል መሀል። አሁን ውሉን እናንብብ።"

ውሉን ያነበበችው ቆማ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት አባ እግር ወርክሾፑን ለተማሪያቸው ሸጠዋል። ማሽን፣ ዕቃ፣ የደንበኛ ዝርዝር። እስከ አንቀጽ ስምንት ድረስ ማንም ውል የሚለውን ይላል። ዘጠነኛው ላይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"'ገዢው ሚጣ ለምትባለው ልጅ፣ ቁመቷ አድጎ እስኪያበቃ ድረስ፣ ባደገች ቁጥር አዲስ እግር ያለ ዋጋ ይሠራላታል። ከዚያ በኋላም በሕይወት እስካለች ይጠግንላታል። ሻጩ ይህን ያደረጉበት ምክንያት በተለየ ወረቀት ተጽፎ ለእናቷ ይሰጣል።'" ቀና አለች። "ምክንያቱ ምንድን ነው?"

ተማሪው ትከሻውን ሰበቀ። "ጠይቄያቸው ነበር። 'አንተ እግሩን ሥራ፤ ምክንያቱን ለእኔ ተውልኝ' አሉኝ።"

"ትናንት አንተ የት ነበርክ?"

"ሆስፒታል። ለአንድ ሾፌር አዲስ እግር ሳለማምድ ዋልኩ።"

*

የሚጣ እናት የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ካውያ ላይ ነች። ክፍሉ እንፋሎት በእንፋሎት ነው። አንሶላውን ስትዘረጋ፣ ስትተኩስ፣ ስታጥፍ እጇ አንዴም አልቆመም።

"ጮኼባቸዋለሁ፤ አልክድም። ሚጣ አድጋ እግሩ አጥሮባታል፤ ልታስለካ ሄድን። ድንገት 'ከእንግዲህ እስክታድግ ድረስ እግሯ በውል ታስሯል' አሉኝ። እኔን ሳይጠይቁ! በእኔ ልጅ ላይ ሁለት ወንዶች ተቀምጠው ተዋዋሉ። ለምን ብላቸው፣ 'ተቀብያለሁ ብለሽ ጽፈሽ አምጪ፤ ያኔ ምክንያቱን በጽሑፍ እሰጥሻለሁ' አሉ። ከፋኝ። ምጽዋት መሰለኝ።"

"ከዚያስ?"

"ሻጋታው ጊዜ ይፈጃል ስላሉኝ ልጄን ትቼ ወጣሁ። ንዴቴ ሲበርድ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሼ በር ላይ ጠራኋት፤ እየነጠረች ወጣች። ቤት አድርሻት ማመልከቻ ጸሐፊው ጋ ሄድኩ። አሥር ተኩል ነው። ወረፋው እስከ አሥራ ሁለት ያዘኝ። ደብዳቤውን ዛሬ ልሰጣቸው ነበር።" ካውያውን ብድግ አደረገች፤ እንደገና አላስቀመጠችውም። "ዛሬ ልሰጣቸው ነበር እኮ።"

"ሻጋታውን ለሚጣ የወሰደላት ማን ነው?"

"ተማሪያቸው ነዋ። ሚጣ 'ዛሬ ሌላ ሰውዬ ነው የጠቀለለኝ' ብላኛለች።"

ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ ተያዩ።

"ልጅቷን ላነጋግራት?"

"አይቻልም።" ሴትየዋ ካውያውን ጥላ በመሀላቸው ቆመች። "ጋዋን ለብሶ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ወስዶባታል። አሁን ደግሞ ዩኒፎርም ልጨምርባት?"

*

ማመልከቻ ጸሐፊው ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። የመነጽሩ እግር በክር ታስሯል። ሴትየዋ ረቡዕ ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ከፊቱ አግዳሚው ላይ መቀመጧን አረጋገጠ። እንዲያውም አላስቀምጥ አለችኝ አለ፤ አንዴ ጻፍልኝ፣ አንዴ ተወው።

"እሷ ከሌለችበት ገዳዩ ማን ነው?" አለ ሳጅኑ። "ይህ ውል የሚጠቅመው እሷን ብቻ ነው።"

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አለ ሽማግሌው። "እስቲ ይህን ውል እዩት። የፈረሙት ሁለት ናቸው፤ ሻጭና ገዢ። ልጅቷ አልፈረመችም። ሦስተኛ ወገን ናት። ግን ውሉ ለእሷ መብት ይሰጣል። ተቀበልኩ ብላ እስክታሳውቅ ድረስ ሁለቱ ተስማምተው ሊያጠፉት ይችላሉ። ተቀበልኩ ካለች በኋላ ግን ወላ ንጉሥ ቢመጣ አይነጥቃትም። ስለዚህ የማን ጥቅም ብላችሁ አትጠይቁ።"

"ታዲያ ምን ብለን?"

"ተቀበልኩ ከማለቷ በፊት የቸኮለው ማን ነው በሉ።"

ኢንስፔክተሯ አፏን ሳትከፍት ሳጅኑ ተነሣ። "ገዢው!"

እውነትም የተማሪው ስልክ ሲፈተሽ ነገሩ ጠቆረ። አንድ ዝግጁ እግር የሚያስመጣ ድርጅት ወርክሾፑን ከእሱ ላይ ሊገዛ ሰኞ ዕለት ጽፎለታል። መጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ "አንቀጽ ዘጠኝ ሳይሰረዝ መነጋገር አንችልም።"

አርብ ጠዋት ጣቢያ አመጡት። መልእክቱን ስታሳየው ተማሪው ጭንቅላቱን ደፋ።

"ሰኞ ለጋሼ ነገርኳቸው። እውነት ነው። 'እሱን አንቀጽ ብናወጣው ምን ይመስልዎታል?' አልኳቸው። ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ? 'ከሚጣ እግር በፊት የእኔን ቁረጥ' አሉኝ። አፈርኩ። ለድርጅቱም ዝም አልኩት።"

"ረቡዕ ለሚጣ ሻጋታ ወስደሃል።"

"እኔ? ረቡዕ ሚጣን አላየኋትም!"

"እናቷ አንተ ነህ ብላለች።"

"እናቷ አይታኛለች?"

እናትየው አላየችውም። ከሰማችው ነው የገመተችው። ኢንስፔክተሯን ጥርሷ ጠቅ አደረጋት፤ መስኮቱ ጋ ሄዳ ተመለሰች።

ሾፌሩን ያገኙት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አዲሱን እግሩን እየሞከረ ነው። "ረቡዕ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት በእሱ ትከሻ ተደግፌ ይህን ኮሪደር ስመላለስ ዋልኩ" አለ። "እኔ እግር የለኝም፤ የደከመው እሱ ነው!" ነርሶቹም ይህንኑ መሰከሩ።

ሳጅኑ ከሆስፒታሉ ሲወጡ ድንጋይ በእግሩ ጠለዘ። "ዜሮ ገባን።"

"አልገባንም" አለች። "ሻጋታውን አንድ ሰው ሠርቶታል። ማን እንደሆነ ባናውቅም ሥራው እጃችን ላይ ነው።"

*

ጣቢያ ተመልሳ ሻጋታውን ተማሪው ፊት አስቀመጠችለት። "ፈራጅ ሁንልኝ። የማን እጅ ነው?"

ተማሪው ቀፎውን አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ አዟዟረው። ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ፊቱ ተለወጠ።

"ይህን ጋሼ አልሠሩትም። ማንም እግር ሠሪ አይሠራውም።"

"እንዴት?"

"ጥጥ አለበት።" ከጣቱ ጫፍ ላይ ነጭ የጥጥ ብናኝ አሳያት። "እኛ በቀጭን ካልሲ ላይ ነው የምንጠቀልለው፤ ሻጋታው ቆዳውን መምሰል አለበት። ጥጥ ከገባ ልኩ ይጠፋል። በጥጥ ላይ የሚጠቀልል ስብራት የሚያስር ሰው ነው። እሱም ቢሆን ይህን ያህል አያበዛም። ይኸው፣ ሦስት አራት ዙር ነው ያደረገበት። ይህ ሰው... እንዴት ልበልሽ... ፈርቶ ነው የጠቀለለው።"

ኢንስፔክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳጅኑ ደነገጠ።

"ሚጣ እግሯ እንዴት ተቆረጠ?"

"ከአራት ዓመት በፊት፣ በአምስት ዓመቷ፣ ከደረጃ ወድቃ ተሰበረች አሉ። የጋሼ ልጅ የሚሠራበት ክሊኒክ ታሰረላት። ከዚያ ጠቆረ..." ተማሪው ሻጋታውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ውስጥ የሚጣን ማኅደር ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ጠባብ ክፍል ናት፤ እስከ ጣሪያው ካርድ። ሳጅኑ መሰላል ላይ ወጥቶ እያስነጠሰ አወረደው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ "ወላጅ ዘግይታ በማምጣቷ ምክንያት እግሩን ማዳን አልተቻለም።" የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ጀሶውን ያሰረው ባለሙያ ፊርማ አለ። የአባ እግር ልጅ ፊርማ ነው።

ኢንስፔክተሯ የመጨረሻውን ገጽ ቅጂ ይዛ ወደ ልብስ ማጠቢያው ተመለሰች። እናትየው የመጨረሻውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ዘግይታ?" አለች በቀስታ። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። "ዘግይታ? ሁለቴ ነው መልሼ የወሰድኳት! 'ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል፣ ሰማያዊ ሆነዋል፣ ልጄ ሌሊቱን አልተኛችም' ብዬ በዚያው በር ላይ ቆሜአለሁ! 'ስብራት ነው፣ ያማል፣ ወደ ቤትሽ ግቢ' ያለኝ ራሱ ያሰራት ሰው ነው..." አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ካውያቸውን አቁመው ዞሩ።

"ሚጣን አነጋግሪያት" አለች በመጨረሻ። "እኔ ግን አብሬ እቀመጣለሁ።"

ሚጣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ያጠረውን እግሯን ከጎኗ አጋድማ፣ ኢንስፔክተሯን ከላይ እስከ ታች ለካቻት።

"ጉንጭሽ ለምን አበጠ?"

"ጥርሴን አሞኝ ነው።"

"ሐኪም ጋ አትሄጂም?"

"እፈራለሁ።"

ይህ መልስ ሚጣን አስደሰታት። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላስፈለጋትም። "ሰውዬው በጓሮ በር ነው የመጣው። አባ እግር 'ዛሬ እሱ ይጠቀልልሻል' አሉኝ። እሳቸው ግድግዳው ጋ ቆሙ፤ ምንም አላገዙትም። ጥጥ አበዛብኝ፣ በጣም አበዛብኝ። ደግሞ 'ይጠብቅሻል? ይጠብቅሻል?' ይላል። አይጠብቅም ስለው ደግሞ ይጠይቀኛል። ያለቅስ ነበር፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።"

"ከዚያስ?"

"ሲጨርስ 'አባዬ፣ በቃ?' አላቸው። እሳቸው ግን 'ገና' አሉት። ከዚያ እማዬ ጠራችኝ።"

*

የጀሶ ክፍሉ በር ክፍት ነበር። የሟቹ ልጅ የአንድ አናጢ ክንድ እያሰረ ነው። ኢንስፔክተሯን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቆመ።

"ጨርስለት" አለችው።

ጨረሰ። ፋሻውን አለሰለሰ፣ የአናጢውን ጣቶች አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገ ደም መመለሱን አየ። እንደገና አየ። "ጣትህ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ በማንኛውም ሰዓት ና" አለው። "ማንም ቢመልስህ እሺ አትበል።" አናጢው አመስግኖ ወጣ።

"ጥጥ ታበዛለህ አሉኝ" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ከአራት ዓመት ወዲህ።"

ተቀመጠ። ክህደት አልሞከረም፤ ሲጠብቃቸው የቆየ ይመስላል።

"ያን ቀን ሠላሳ ሰው ነበር የተሰለፈው። ጥጡን አሳነስኩ፣ አጠበቅኩት። እናትየዋ ስትመጣ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። ከተቆረጠ በኋላ ካርዱ ላይ እሷ ዘገየች ተብሎ ተጻፈ፤ እኔም ዝም አልኩ። ለማን ልንገር? ለአባቴ ነገርኩት። አባቴም ዝም አለ፤ ግን እግሯን መሥራት ጀመረ። ሁለት እግር ሠራላት። ሲያረጅ ነው ይህን ውል ያመጣው።"

"ረቡዕ ለምን ጠሩህ?"

"በእጅህ ያጠፋኸውን በእጅህ ንካው አለኝ። ነካሁት። በቃ መስሎኝ ነበር። ልጅቷ ስትሄድ 'አሁን ለእናቷ ትነግራታለህ፤ አንተ ካልነገርካት ወረቀቱ ይነግራታል' አለ። የክፍሉ ኃላፊ ልሆን ነው፤ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነች... ለመንኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ለመንኩት። 'እናትየዋ ገና አልተቀበለችም፤ ከተማሪው ጋር ሆናችሁ አንቀጹን አጥፉት፤ እኔ በራሴ መንገድ እረዳታለሁ' አልኩት። ውሃ መጣች፤ እሱ ጀሶውን እየበጠበጠ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?"

"ምን አሉ?"

"'አንተ የምትረዳት ደስ ሲልህ ነው፤ እሷ እግር የሚያስፈልጋት ግን ስታድግ ነው።'" ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። "ፖስታውን እዚያው መሳቢያው ውስጥ ስቀድ ክንዴን ያዘኝ። ክንዱን ይዤ ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው ያሰብኩት።"

"ሲወድቁ ይተነፍሱ ነበር?"

እጁን ከፊቱ አውርዶ የተረፈውን ፋሻ መጠቅለል ጀመረ።

"አንተ የጤና ባለሙያ ነህ። አይተሃቸዋል?"

"የአንገቱን ምት አየሁ።"

"እና?"

"ይመታ ነበር። በጓሮ በር ወጣሁ።"

ሳጅኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኢንስፔክተሯ እጇን ዘረጋች። "ወረቀቱን።"

ከጋዋኑ የውስጥ ኪስ አወጣው። አራት ቦታ ታጥፎ፣ በላብ ረጥቦ፣ ግን አልተቀደደም። ሊያቃጥለው ሁለቴ ክብሪት ለኩሶ እንደነበር ተናገረ። የአባቱን እጅ ጽሑፍ ማቃጠል አልቻለም።

*

ሰኞ ረፋድ ላይ የሚጣ እናት ወረቀቱን ወርክሾፑ ውስጥ አነበበችው። ስድስት መስመር ብቻ ነው። የመጨረሻው፣ "እናቲቱ አልዘገየችም፤ የዘገየነው እኛ ነን" ይላል። አጥፋ ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ማመልከቻ ጸሐፊው ተጠርቶ መጥቷል። ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማለች፤ ተማሪው ጠረጴዛው ጋ።

"ሻጩ ሞተዋል" አለች እናትየው። "ደብዳቤዬ ለማን ነው?"

"ሻጩ ሞቱ እንጂ አንቀጹን አላጠፉም" አለ ጸሐፊው። "ገዢው ደግሞ ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም። ከሰጠሽው አለቀ፤ ካልሰጠሽው እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አስገዳጅ የለብሽም።"

"ከዚያ ሰው ቤት የመጣ እግር ልጄ እንድታደርግ?"

አስመጪው ድርጅት ለተማሪው የላከውን መልእክት ሁሉም ያውቃል፤ ደብዳቤው ካልተሰጠው አንቀጹን የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ወርክሾፑን ሸጦ ነገ ባለጸጋ ነው። ተማሪው ግን ቀና ብሎም አላያትም።

ሴትየዋ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች።

"ረቡዕ ዕለት ምጽዋት መስሎኝ ጮኽኩ" አለች። "ምጽዋት ቢሆን ዛሬም አልነካውም ነበር። ግን የሷ ነው። የራሷን ነው የምትወስደው።" ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ካርዱንም አስለውጣለሁ። ዘግይታ የሚለውን ሲፍቁት ሳያይ ዐይኔ አይተኛም።"

"ለዚያ ማመልከቻ እኔ እጽፍልሻለሁ" አለ ሽማግሌው መነጽሩን እየጠረገ።

ተማሪው ደብዳቤውን አነበበ። ግርጌው ላይ "ደርሶኛል" ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ቀኑን ጨመረበት። ከዚያ የጀሶ ፋሻ አወጣና ሚጣን ከፍ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። ቀጭን ካልሲውን ሲያጠልቅላት እሷ አንገቷን አስግጋ ደብዳቤውን ታነባለች።

"ሦስተኛ ወገን የሚለው ማንን ነው?"

"አንቺን" አለ።

"ሦስተኛ ነኝ እንዴ? ከስንት?"

"ከሦስት።"

"መጨረሻ ወጥቻለሁ በለኛ!"

ሳጅኑ ሳቁ አመለጠው። እናትየዋ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ መሳቋ ይሁን ማልቀሷ ከበሩ ጋ አይለይም። ተማሪው ፋሻውን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ጨመቀ።

"ዝም ብለሽ ተቀመጪ" አላት። "ከተንቀሳቀስሽ ልኩ ይበላሻል።"